ስለ ቤት መሥሪያ ቦታና ከጥንት ስለ ተረፈው ደን

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ሰው ያለ ቤት አይኖርም። ደመወዙን ከወር እስከ ወር እያብቃቃ የቤት ኪራይ ሲከፍል የኖረ የመንግሥት ሠራተኛ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፤ ያጠራቀማትን ገንዘብ በባንክ አስቀምጦ፤ የቦታ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ሲጠባበቅ በልቡ ያለውን ተስፋ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቤት መሥሪያ ቦታና ስለ ደን ስንነጋገር ክርክሩ ቤት ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል አይደለም። ቤቱማ መሠራት አለበት። የምናነሣው ጥያቄ ዕጣው ከመውጣቱና ችካል ከመተከሉ አስቀድሞ በዚያ መሬት ላይ የቆመው ምን እንደ ሆነ፤ ለማን ምን ይሰጥ እንደ ነበረ፤ አንድ ጊዜ ከጠፋም በኋላ ሊመለስ ይችል እንደ ሆነ ማን መረመረው? የሚል ነው።

ይህ ምርመራ በሕግ አጠራር «የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ» ይባላል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ስሙ ሲነሣ ጉዳይን የሚያጓትት፤ ከውጭ አገር የመጣ፤ ለፋብሪካና ለግድብ እንጂ ለቤት መሥሪያ ቦታ የማያስፈልግ ወረቀት ተደርጎ ይቈጠራል። እኔ ግን ጥያቄው ወረቀት ከመሆኑ በፊት በገዛ ታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ የቀረበ፤ አንዳንድ ጊዜም መልሱ በከባድ ዋጋ የተገኘ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩን ከአዊ ምድር፤ ከአዘና እንጀምር። የአገር ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት የአዊ አገው ሕዝብ ከላስታ ከመጡ ሰባት ወንድማማቾች የተወለደ ነው። ሰባቱም ቤቶች አንከሻ፤ አዘና፤ ባንጃ፤ ጫራ፤ ቋቁራ፤ መተከልና ዚገም ይባላሉ። «ሰባት ቤት አገው» የሚባለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ አዘና በትውፊቱ መሠረት መጀመሪያ የአባት ስም፤ ቀጥሎ የወገንና የአገር ስም፤ ከዚያም የከተማ ስም ሆነ። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገን ከተማ የምንለው ነገር በእንዲህ ያለው አገር እጅግ የቅርብ ጊዜ እንግዳ መሆኑን ለመረዳት ነው። ጫካው፤ ምንጩና የቀርከሃው ቍጥቋጦ ከከተማው በፊት በስፍራቸው ነበሩ።

የጥንቱ ደን ምን ያህል እንደ ነበረ የሚነግረን ካርታም ሆነ ቈጠራ የለም። ይሁን እንጂ አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ማር ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፓኛዊ ቄስ በ1610 ዓ.ም. ምንጩን አይቷል፤ ብሩስ ግን ይህን ለማመን አልወደደም። ስለዚህ ሰው ትዕቢት ብዙ ተጽፏል፤ እንለፈው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ስለ ምንጩ የጻፈው ሳይሆን የጎንደር ገበያ በምን ይኖር እንደ ነበረ የጻፈው ነው። የዳሞት አገው ሕዝብ ለዋና ከተማው ከብት፤ ቅቤ፤ ቆዳ፤ ሰምና ማር በብዛት ያቀርብ እንደ ነበረ፤ ከሚገብረውም ግብር ማር ትልቁን ስፍራ የያዘ እንደ ነበረ ያትታል።

ንብ በአደይ አበባም ላይ፤ በኑግ ማሳም ላይ ትሠራለች፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቤተ መንግሥትና አንድ ትልቅ ከተማ ከዓመት እስከ ዓመት የሚጠጣውን ጠጅ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም የሚያበሩትን ጧፍ የሚችል ማርና ሰም ብሳናው፤ ዋንዛው፤ ዶቅማውና ግራዋው በየወቅቱ ተራ እየገቡ ካላበቡ በቀር አይገኝም። የጎንደር ግብር ተቀባይ ዛፍ አልቈጠረም፤ ማር ግን በማድጋ ቈጥሯል። በዚያም ቍጥር ውስጥ ሳያውቀው የአዊን ደን መዝግቦልናል። ዛሬ አንድ ባለሙያ የደንን ጥቅም በገንዘብ ሲተምን የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ታዲያ ያ ደን ወዴት ሄደ? አብዛኛው እርሻ ሆነ። የተረፈውም በአራት ዐይነት ስፍራ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፤ በገደልና በወንዝ ዳር፤ እንደ ዘንገና ባለው በእሳተ ገሞራ አፍ በተሠራ ሐይቅ ከንፈር ላይ፤ እንዲሁም በባንጃ እንዳለው እንደ ዱኪማ ባሉ በጥበቃ በቆዩ ጫካዎች። ከእነዚህ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ደን የተለየ ታሪክ አለው። ብሩስ ግሽ በደረሰ ጊዜ ምንጩን የሚያከብርና ሥርዐት የሚፈጽምለት ሰው እንዳገኘ ጽፏል። ሰው የሚያከብረውንና የሚፈራውን ስፍራ በመጥረቢያ አይደፍርም። በኋላም ታቦት በገባበት ስፍራ ሁሉ ያ መፈራት ለቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ተላለፈ። ስለዚህ ከአውሮፕላን ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው የጎጃምና የጎንደር አገር እንደ ሰፊ ቢጫ ምንጣፍ ሆኖ፤ በላዩ አረንጓዴ ነጠብጣቦች የተረጩበት ይመስላል። ነጠብጣቦቹ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ደንን ያተረፈ ሌላ ኃይል ቢኖር ዙፋን ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ከዛሬው አዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ ተብሎ ይነገራል። የመናገሻ ሱባ ደን የምንለው ይህ ነው። ትውፊቱ በዝርዝሩ ትክክል ይሁን አይሁን፤ ደኑ የንጉሥ ተብሎ መጠበቁ እስከ ዛሬ እንዲቆይ ረድቶታል። እንግዲህ አስተውሉ፤ መቅደስ ወይም ዙፋን «የእኔ ነው» ያለው ጫካ ተረፈ፤ «የእኔ ነው» የሚል ያልነበረው ጫካ ግን አለቀ።

ከተማ ደንን እንዴት አድርጎ እንደሚበላ ለማወቅ ከአዲስ አበባ የበለጠ መምህር የለንም። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወርዶ በፍልውሃ አጠገብ ከተማው በ1879 ዓ.ም. ሲቈረቈር በተራራውና በዙሪያው የአበሻ ጥድና ወይራ ይገኝ ነበር። መኳንንቱ በየሰፈራቸው አጥር አጠሩ፤ እልፍኝና አዳራሽ ሠሩ፤ ወታደሩ ጎጆውን ቀለሰ፤ በየቤቱ እሳት ነደደ። ማንም ሰው ደኑን ላጥፋው ብሎ አልተነሣም። እያንዳንዱ ለቤቱ ማገርና ለምጣዱ ማገዶ ብቻ ወሰደ። ነገር ግን ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ እንጨት ከሩቅ አገር በሰውና በእንስሳት ጀርባ የሚመጣ ዕቃ ሆነ፤ የቤተ መንግሥቱም ሥራ ከመናገሻ ደን በሚመጣ ጥድ የሚሠራ ሆነ።

በቀደመው ዘመን ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። እንጨት ሲያልቅ የንጉሡ ሠፈር ይነሣል፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ጫካ ወዳለበት ይሄዳል። ዳግማዊ ምኒልክም ይህንኑ አስበው በ1893 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ዋና ከተማችን በማገዶ እጦት ምክንያት ልትፈልስ ምን ያህል እንደ ተቃረበች ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት ብዙ ተሠርቶ ነበር፤ የውጭ አገር መልእክተኞችም የደከሙበትን ሥራ ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም፤ ከሁሉም በላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በአጭር ጊዜ ለቤትና ለማገዶ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም በስፍራዋ ጸናች።

ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ በባሕር ዛፉ ድል ላይ እንጨርሰዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። ባሕር ዛፍ የማገዶን ችግር አቃለለ፤ የጥዱን ደን ግን አልመለሰም። የእንጦጦ ተራራ እንደ ገና አረንጓዴ ለበሰ፤ ከበታቹ ግን የጥንቱ ሣር፤ ሐረግና ወፍ አብረው አልተመለሱም። ዛፍ መኖሩና ደን መኖሩ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ያን ጊዜ የጠየቀ የለም፤ ሊጠይቅም የሚችልበት ሥርዐት አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቍጥር ጥቂት ልናገር። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን አባባል በስብሰባ አዳራሽ፤ በትምህርት ቤት መጽሐፍና በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያልሰማ ሰው የለም። ጄምስ ማካን የተባሉት አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ቍጥር ወደ ኋላ እየተከታተሉ ሲመረምሩት የቆመበት መሠረት እጅግ የሳሳ መሆኑን አሳይተዋል። የደጋው አገር ብዙ ስፍራ ከመቶ ዓመት በፊትም ሜዳና እርሻ እንደ ነበረ የመንገደኞች ጽሑፍና የቆዩ ፎቶግራፎች ይመሰክራሉ። ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም፤ ጠፍቷል። ነገር ግን የጠፋውን ሳይመረምሩ በአንድ ትልቅ ቍጥር መደምደም የቀረውንም ሳይመረምሩ ለመስጠት መንገድ ይከፍታል። «ድሮ ሁሉም ጫካ ነበር፤ አሁን ሁሉም አልቋል» ብሎ የሚያምን ሹም በፊቱ የቆመውን አምስት ሄክታር ጫካ ከምንም አይቈጥረውም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ስለ መንግሥት ደን፤ ስለ ግል ደንና ስለ መከላከያ ደን ሦስት ዐዋጆች ወጥተው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ደኑም እንዲሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ በዘመቻ የተተከለውን ደን በመጥረቢያ ሲጨፈጭፈው ታየ፤ የእኔ ነው ብሎ አያውቅምና። ከዚያም በኋላ በ1986፤ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ልዩ ልዩ የደን ዐዋጆች ታውጀዋል። እነዚህ ሁሉ ሕጎች በየጊዜያቸው ጠቃሚ ነበሩ። ነገር ግን ዛፍ የቈረጠን ሰው የሚይዙት መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው።

አስቀድሞ መጠየቅን ሥርዐት ያደረገው ሌላ ዐይነት ሕግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. በጸደቀው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን ነገር አጥንተው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አዘዘ። አሳቡ ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ፤ በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተሰበሰቡት መንግሥታትም ተቀበሉት። በአገራችን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሰው ሁሉ መብት መሆኑን ደነገገ፤ በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቍጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ሥርዐት አቆመ።

የዚህን ዐዋጅ ቃል ቀረብ ብሎ ላነበበ ሰው ከታሪካችን ጋር የሚነጋገር ይመስላል። ግምገማ የሚያስፈልገው ማንኛውም ሥራ ከፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ከክልሉ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ያዛል። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸውን ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ይህ መፈጸሙን ማረጋገጥ አለባቸው ይላል። የቀረበለትን ሪፖርት የሚመረምረው መሥሪያ ቤት በ15 የሥራ ቀኖች ውስጥ ውሳኔውን እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ጉዳይ ያጓትታል የሚለው ወቀሳ በሕጉ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ቢነገር ይሻላል። ያለ ፈቃድ የሠራ ወይም ሐሰተኛ መግለጫ ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ያዛል። ይህ ገንዘብ በ1995 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ በዛሬው የቤት መሥሪያ ቦታ ዋጋ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚገዛ ግን ለአንባቢው ግምት እተወዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ላስተውለው የምሻው የአንድ ሥራ ተፅዕኖ በምን እንደሚመዘን የሚናገረውን ክፍል ነው። ዐዋጁ ስፋቱን፤ ቦታውንና ጠባዩን ብቻ አይጠይቅም። ከሌሎች ጉዳቶች ጋር ተደማምሮ የሚያመጣውን፤ እንዲሁም የሚመለስ ወይም የማይመለስ መሆኑን ጭምር ይመዘን ይላል። መደማመርና አለመመለስ! የአዲስ አበባ ጥድ ያለቀው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው። ባለሥልጣኑ ከዐዋጁ በኋላ ያወጣው የአሠራር መመሪያም ሥራዎችን እንደ ከባድነታቸው በሦስት ሠንጠረዥ ከፍሎ፤ ነገር ግን ሥራው ጥንታዊ ደን ባለበት፤ ለመሸርሸር በተጋለጠ ወይም በሃይማኖት በተከበረ ስፍራ ላይ የሚውል ከሆነ ዐይነቱ ምንም ይሁን ምን ሙሉ ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ጋር እንዲቈጠር ይመክራል።

አሁን ይህን ወደ አንድ የገጠር ከተማ፤ እንደ አዘና ወዳለ ስፍራ አምጥተን በሒሳብ እንየው። ቍጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የማቀርባቸው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ሲሶው ለመንገድ፤ ለውሃ መውረጃና ለጋራ መገልገያ ቢወጣ የቀረው በ200 ካሬ ሜትር ተመድቦ 33 ቤተሰብ ያኖራል። 24 አባሎች ያሉት አንድ የቤት ሥራ ማኅበር እንግዲህ 7,200 ካሬ ሜትር ያህል፤ ማለት ከአንድ ሄክታር በታች ይበቃዋል። ይህን ፋይል በጠረጴዛው ላይ ያገኘ ሠራተኛ ከተራ የቤት ቦታ ምሪት በቀር ሌላ ነገር አይታየውም። ለዚህ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ማኅበር ይመጣል፤ «ከመጀመሪያው ጎን» ይመራል፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። ሰባት ማኅበር ሲሞላ አምስት ሄክታር አልቋል። ሰባቱም ፋይሎች እያንዳንዳቸው በሥርዐት የተሠሩ ናቸው፤ በአንዱም ውስጥ «ደን» የሚል ቃል አልተጻፈም።

ለምን ጫካው ይመረጣል? ለዚህ ምክንያት አለው። እርሻ ቢወሰድ ገበሬው ካሳ ይጠይቃል፤ ቅር ይለዋል፤ አቤት ይላል። ጫካው ግን ከፍርድ ቤት ደጅ አይቆምም። ስለዚህ የቦታ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ እጅ ሳያስበው እንኳ አቤቱታ ወደማይነሣበት ያዘነብላል። በዚህ ላይ ጫካው ከከተማው ዳር ከሆነ ውሃና መብራት ለማስገባት ይቀርባል። የማኅበሩ አባሎች ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ የመሬት ሹሙም የግድ ጉቦ ስለ በላ አይደለም። ነገሩ በዚህ መንገድ ሲሄድ ለሁሉም ይቀላል፤ ችግሩም ይኸው ነው።

«ቢቈረጥም እንተክላለን» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰጣል። አዊ ምድር በዚህ ረገድ ከማንም የበለጠ ልምድ አለው። ገበሬዎቹ፤ በተለይም የፋግታ ለኮማዎቹ፤ ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዐይነት በማሳቸው ላይ ተክለው፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ዘርተው፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቈርጠው ከሰል እያከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይልካሉ። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ቈርቈሮ ለብሷል፤ ልጅ አስተምሯል። ይህ የሚደነቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በዛፉ ላይ የዋግ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አድርቋል። አንድ ዐይነት ብቻ የሆነ ዛፍ በሽታ ሲመጣበት ሁሉም በአንድነት ይታመማል። የጥንቱ ደን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ኮሶው፤ ዝግባው፤ ጥቁር እንጨቱ፤ ወይራውና ቀርከሃው እያንዳንዱ የየራሱን ጠባይ ይዞ ስለሚቆም አንዱ ቢታመም ሌላው ይሸፍናል።

ደግሞም የጥንቱ ደን ከተቈረጠ ከሥሩ በራሱ ይነሣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን ሲያጠኑ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ብቻ 168 ዐይነት ዛፍ፤ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ነገር ግን ከደኑ ወለል አፈር ወስደው በውስጡ የተቀበረውን ዘር ሲመረምሩ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር አልተገኘበትም። የእነዚህ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ አይጠብቅም፤ ከቆመችው እናት ዛፍ በየዓመቱ መውደቅ፤ በወፍና በጦጣ መበተን፤ በጥላ ሥር መብቀል አለበት። እናቲቱ ዛፍ ከተቈረጠች የሚቀጥለው ትውልድ የለም ማለት ነው። ከብት ከገባ ደግሞ የበቀለውም ቡቃያ ይረገጣል፤ ይበላል። ስለዚህ ምሁሩ ከአሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በመሆን አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያበረታቱ፤ ምእመናኑ ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ዳነ።

ስለ ካቡ ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ደን ለመሞት የግድ መቈረጥ የለበትም፤ ቤት አጠገቡ ድረስ መምጣቱ ይበቃዋል። አጥር የሚሆን ቅርንጫፍ ይቈረጣል፤ ላምና ፍየል ይገባሉ፤ አቋራጭ መንገድ ይወጣል፤ ቈሻሻ ይጣላል፤ ነፋስና ፀሐይ ከዳር ወደ ውስጥ ዘልቀው ጥላ የለመደውን ቡቃያ ያደርቁታል። ትንሽ ጫካ ዳሩ ብዙ፤ መካከሉ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት በምሪቱ ካርታ ላይ «ደኑ አልተነካም» ተብሎ ቀለም የተቀባው ብዙ ስፍራ በዚህ መንገድ ሞቷል። ደኅና ግምገማ ስለዚህ ቤቱ የሚያርፍበትን መሬት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውንም ያጠናል። የዝናቡ ውሃ ቀድሞ ወደ አፈሩ ይሰርግ የነበረው በጣሪያና በመንገድ ላይ ሲወርድ ወደ የትኛው ማሳ እንደሚሄድ፤ ከጫካው ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ፤ የቤተሰቡ ማገዶ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል። ሌላ ቦታ የለም ወይ? ብሎም ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ አለ። በከተማው መካከል ታጥሮ ለዓመታት ባዶውን የሚኖር መሬት፤ ወይም በአንድ ፎቅ ፈንታ ሁለት ፎቅ ሊቆምበት የሚችል ስፍራ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ የ24 ሰው ማኅበር ፋይል ላይ ይደረግ ቢባል አይቻልም፤ ባለሙያውም ጊዜውም አይበቃም። በእኔ እምነት ትክክለኛው ጊዜ የከተማው ፕላን በሚነደፍበት ሰዓት ነው። ዐዋጁ በአንቀጽ 13 የመንግሥት ሰነዶች ራሳቸው የሚገመገሙበትን በር ከፍቷል። የአሥር ዓመት ፕላን ሲሣል ሰባቱ ማኅበራት ሰባት ፋይል ከመሆናቸው በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ተደምረው ይታያሉ፤ ጫካውም ስሙ ተጽፎ፤ ወሰኑ ተለክቶ፤ በዙሪያው ቤት የማይሠራበት ርቀት ተወስኖለት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ምሪት የሚሰጠው ሠራተኛ በየጊዜው አዲስ ጥናት ማስጠናት አያስፈልገውም፤ ካርታውን ማየት ብቻ ይበቃዋል።

የዐዋጁ አንቀጽ 15 ደግሞ የተፅዕኖ ጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና ሕዝቡ፤ በተለይም ጉዳዩ የሚነካው የአካባቢው ነዋሪ፤ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ይህ በተግባር እምብዛም ሥራ ላይ ሲውል የማይታይ መብት ነው። ከእናንተ ከአንባቢዎቼ መካከል ብዙዎቹ በሁለት ወገን ቆማችኋል፤ በአንድ በኩል ቦታ የሚጠባበቅ የማኅበር አባል፤ በሌላ በኩል ፋይሉ በእጁ የሚያልፍ ሠራተኛ ናችሁ። እንግዲህ የማኅበራችሁ ቦታ የተመረጠ ዕለት፤ ገና ዕጣ ሳይወጣ፤ ወደ ወረዳው ወይም ወደ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስለዚህ መሬት የቀረበ ሪፖርት አለን? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሪፖርቱ ካለ አንብቡት፤ ከሌለም ጥያቄያችሁ በጽሑፍ ይመዝገብላችሁ።

ከጫካ ሥር ስለሚፈልቁት ምንጮችና የከተማ ውሃ ከየት እንደሚመጣ በሚመጣው ሳምንት እንነጋገራለን።